ከሦስቱ ሙያ አንዱን ልተው ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምክር ዓምድ አዘጋጆች። ዕድሜዬ 31 ነው። ላለፉት ሰባት ዓመታት የምተዳደረው በግራፊክ ዲዛይን ነው፤ አርማ፣ መጠቅለያ፣ ብሮሹር እሠራለሁ። ማታ ማታና ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እሥላለሁ፤ አክሪሊክም፣ የውሃ ቀለምም፣ ኮላዥም (ወረቀት ቆርጦ በመለጠፍ የሚሠራ ሥዕል) እሞክራለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ አንዲት ክንፏ የተሰበረ ወፍ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችበት የልጆች ታሪክ ጽፌ ሥዕሎቹን በኮላዥ ጀምሬያለሁ። ሰሞኑን ሦስት ነገር በአንዴ መጣብኝ። ሥራዬን ያሳየሁት ጋለሪ «ጥሩ እጅ አለሽ፤ ግን ሥራሽ የተበታተነ ነው» አለኝ። አንድ አሳታሚ ታሪኩን ወዶ ደሚ (የመጽሐፉን ናሙና) እንድልክለት ጠየቀኝ። የቆየ ደንበኛዬ የሆነ ድርጅት ደግሞ ወፊቱን ድረ ገጼ ላይ አይቶ የአዲስ ምርቱ አርማ ሊያደርጋት ፈልጓል። ክፍያው ጥሩ ነው፤ ግን «ሙሉ ባለቤትነቱ ለድርጅቱ ይተላለፋል» የሚል ውል ልኮልኛል። ቤተሰቦቼ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ አንዱን ያዢ» ይሉኛል። ከሦስቱ አንዱን ልተው ወይ? ካልተውኩስ እንዴት ልያዛቸው?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ስለ ሙያ ምርጫው ከማንሣታችን በፊት የሚያስቸኩል ነገር አለ፤ የድርጅቱን ውል አትፈርሚ። ክፍያው አንሶ አይደለም። አሳታሚው ነገ ውል ሲያቀርብልሽ «ጽሑፉም ሥዕሉም የራሴ ነው፤ ለማንም አላስተላለፍኩትም፤ የሌላ ሰው መብት አይነካም» ብለሽ የምታረጋግጪበት አንቀጽ ይኖረዋል። ወፊቱን በሙሉ ባለቤትነት አስተላልፈሽ ከሆነ ይህን ቃል መስጠት አትችይም፤ ከሰጠሽም የሚመጣው ክስና ወጪ ባንቺ ላይ ነው። ድርጅቱ ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም አርማውን በንግድ ምልክትነት ማስመዝገቡ አይቀርም፤ አርማ ያለው ሁሉ ሊያደርገው የሚገባ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ወፊቱን በመጽሐፍ ሽፋን፣ በፖስተር ወይም በሁለተኛ መጽሐፍ ላይ ለማውጣት የሌላ ሰው ፈቃድ ልትጠይቂ ነው።

ደንበኛውን ግን አታስቀይሚው። «ይህች ወፍ የመጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ስለሆነች ለአርማ ልሰጣት አልችልም፤ ለእናንተ ብቻ የሚሆን ሌላ ምልክት እነድፋለሁ፤ የእሱም ባለቤትነት ሙሉ በሙሉ ይተላለፍላችኋል» ብለሽ ጻፊለት። አዲሱ ምልክት ወፍ ባይሆን ይመረጣል፤ የወፊቱ ታናሽ እህት የምትመስል ሌላ ወፍ ከነደፍሽ ጭቅጭቁን ለሌላ ቀን አስተላለፍሽው እንጂ አላስቀረሽውም።

እዚህ ላይ ብዙ ዲዛይነሮች የሚደባልቁት ነገር አለ። የአርማ ባለቤትነት መተላለፉ ተገቢ ነው፤ ድርጅቱ አርማውን ማስመዝገብና በነፃነት መጠቀም መቻል አለበት። ሥዕል ግን ሌላ ነው። ለመጠቅለያ፣ ለፖስተር ወይም ለመጽሔት የምትሠሪው ሥዕል የሚሰጠው በፈቃድ ነው፦ ለምን አገልግሎት፣ የት፣ ለስንት ጊዜ፣ ለብቻ ነው ወይስ ከሌሎች ጋር። ውሉ ላይ የምትጽፊው ከዚህ ብዙ አይረዝምም፦ «ሥዕሉን ለዚህ ምርት መጠቅለያ ብቻ፣ በዚህ አገር ውስጥ፣ ለ3 ዓመት የመጠቀም ፈቃድ ተሰጥቷል። ያልተጠቀሰ መብት ሁሉ የሠዓሊዋ ነው። ፈቃዱ የሚጸናው ክፍያው ተጠናቆ ሲከፈል ነው። ያልተመረጡ ንድፎች የሠዓሊዋ ናቸው።» የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከሁሉም በላይ ይጠቅሙሻል። አንደኛው ያልተከፈለሽን ሥራ እንዳይጠቀሙበት ያደርጋል። ሁለተኛው ደግሞ ውድቅ የተደረጉት ንድፎችሽ አንድ ቀን የሥዕል ወይም የመጽሐፍ መነሻ ሲሆኑ ማንም እንዳይጠይቅሽ ያደርጋል፤ በሦስት ሙያ የሚሠራ ሰው ከአንዱ የወደቀውን በሌላው ማንሣቱ የተለመደ ነው። መብቱ በአንቺ እጅ እንዲሆን ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1886 በተፈረመው የበርን ስምምነት አባል አገሮች ዘንድ የቅጂ መብት የሚገኘው ሥራው በመሠራቱ ብቻ ነው፤ ጥበቃውም ቢያንስ የደራሲው ዕድሜና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ነው። ብዙ ጊዜ ከእጅ የሚወጣው በፊርማ ነው። አንድ ነገር ግን አጣሪ፤ ቀን ላይ በቅጥር የምትሠሪ ከሆነ የቅጥር ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ። በአሠሪው ሰዓትና ኮምፒዩተር የተሠራው የአሠሪው ነው የሚሉ ውሎች ብዙ ናቸው።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ስንመለስ፣ አንዱንም አትተዪ። ቤተሰቦችሽ የጠቀሱት ምሳሌ ስለ ጊዜ ከሆነ እውነት አለው፤ ስለ ችሎታ ከሆነ ግን አይሠራም። ዲዛይነር መሆንሽ መጽሐፍሽን ያሳምረዋል፤ ሠዓሊ መሆንሽም ንድፍሽን ከሌላው ይለየዋል። ያስቸገረሽ ሦስቱን ሥራዎች በአንድ ገጽ ማሳየትሽ፣ በአንድ ዓይነት ውል መዋዋልሽና በአንድ ዓይነት ዋጋ መተመንሽ ነው። ሦስቱ የተለያየ ተመልካች፣ የተለያየ የመብት ልማድና የተለያየ የክፍያ ጊዜ አላቸው።

ጋለሪው «የተበታተነ» ያለሽ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። አርማ፣ መጠቅለያ፣ የውሃ ቀለም የመልክዓ ምድር ሥዕልና የወፍ ኮላዥ በአንድ ድረ ገጽ ተደርድረው ሲያይ ጋለሪው የሚጠይቀው «ይህችን ሰው አንድ ክፍል ግድግዳ ብሰጣት ምን ትሰቅልበታለች?» ብሎ ነው። ድረ ገጽሽ አንድ ስም ይኑረው፤ መግቢያው ላይ ማን እንደሆንሽ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ፤ ከዚያ ሦስት በር ይኑር፦ ሥዕል፣ ዲዛይን፣ መጽሐፍ። ለሰው ስትልኪ ግን ድረ ገጹን አትላኪ። ለተቀባዩ ብቻ የተዘጋጀ፣ ከ12 እስከ 15 ምስል የያዘ ፒዲኤፍ ላኪ። ለጋለሪ የሚሄደው ውስጥ አንድም አርማ አይግባ። ሁሉም ከአንድ ተከታታይ ሥራ ይሁኑ፤ ቢበዛ በሁለት ልክ የተሠሩ፣ ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ያልራቁ ይሁኑ። ከእያንዳንዱ ሥር ርዕስ፣ ዓመት፣ የተሠራበት ነገር፣ ቁመትና ስፋት ይጻፍ፤ ልኩን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ተመልካቹ ሥዕሉ መዳፍ ያክል ይሁን በር ያክል አያውቅም። ለአሳታሚ የሚሄደው ውስጥ ያው አንድ ገጸ ባሕርይ ሲሮጥ፣ ሲያዝን፣ ከጀርባ ሲታይ፣ ከሌሎች ጋር ሲሆን ይታይ። አሳታሚ አንድ ያማረ ሥዕል አይፈልግም፤ ፊቱ ሳይለዋወጥ እስከ መጨረሻው ገጽ የሚዘልቅ ገጸ ባሕርይ ነው የሚፈልገው። ከአክሪሊኩ፣ ከውሃ ቀለሙና ከኮላዡ ለግድግዳ የትኛውን ልያዝ ብትይን፣ ኮላዡን እንልሻለን፤ ከመጽሐፉ ጋር የሚያገናኝሽ እሱ ነውና። ሌሎቹን ለራስሽ ሥሪ፤ ለዓመት ያህል ግን ለሰው አታሳዪ።

ፎቶው ካላማረ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ሥዕሉን ያለ መስታወት ግድግዳ ላይ ስቀዪው። የክፍሉን መብራት አጥፊ፣ መጋረጃውን ዝጊ። ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎችን ግራና ቀኝ፣ በ45 ዲግሪ አቅጣጫ፣ በእኩል ርቀት አቁሚ። እርሳስ ወስደሽ በሥዕሉ መካከል ላይ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ እንዲወጣ አድርገሽ ያዢ፤ ግራና ቀኝ የሚወድቁት ሁለት ጥላዎች በርዝመትም በጥቁረትም እኩል ከሆኑ መብራቱ ተስተካክሏል። አንዱ ከጠቆረ፣ ከዚያ ጥላ ተቃራኒ በኩል ያለው መብራት ቀርቧል ማለት ነው፤ ወደኋላ አርቂው። ካሜራው በሥዕሉ መሐል ልክ ቁመት ላይ፣ ከሥዕሉ ጋር ትይዩ ሆኖ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይቁም። በስልክ ሰፊ ሌንስ ተጠግቶ ማንሣት ጠርዞቹን ያጎብጣል፤ ራቅ ብሎ በረጅም ሌንስ ማንሣት ይሻላል። የመጀመሪያውን ፎቶ ግራጫ ካርድ አስጠግተሽ አንሺ፤ በኋላ ቀለሙን የምታስተካክዪው በእሱ ነው። ኮላዥ ላይ አብረቅራቂ ወረቀት ካለ መብራቶቹን ወደ ጎን ትንሽ ማራቅ ነጸብራቁን ይቀንሳል።

ጋለሪው ሥራሽን ከተቀበለ በቃል አትስጪ። የሥዕሎቹ ዝርዝር፣ የእያንዳንዱ ዋጋ፣ የጋለሪው ድርሻ (እስከ ግማሽ መድረሱ የተለመደ ነው)፣ ሥዕሉ የሚቆይበት ጊዜ፣ ከተሸጠ በስንት ቀን እንደሚከፈልሽ፣ ቢጎዳ ወይም ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል፣ የክፈፉን ወጪ ማን እንደሚችል በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ዋጋውን ደግሞ በስሜት አትተምኚ። የምትወጂውን አስወድደሽ የማትወጂውን ስታረክሺ ገዢ ግራ ይጋባል። ቁመትና ስፋቱን ደምረሽ በአንድ ቋሚ ቁጥር አባዢ። ለምሳሌ 40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነው ድምሩ 90 ነው፤ 80 በ100 የሆነው 180 ነው፤ ስለዚህ ትልቁ የትንሹን እጥፍ ያወጣል። ቁመቱን በስፋቱ አባዝተሽ ብትተምኚ ግን ትልቁ አራት እጥፍ ይሆንና ገና ስም ላላወጣ ሠዓሊ ትልልቁ ሥራ አይሸጥም። ከቤት የምትሸጪበት ዋጋና የጋለሪው ዋጋ አንድ ይሁን። ገዢ በግማሽ ዋጋ ከአንቺ እንደሚገኝ ሲያውቅ ጋለሪው ሥራሽን የሚያሳይበት ምክንያት አይኖረውም።

የዲዛይን ዋጋሽን እንደገና አስዪው። አብዛኛው ሰው የዓመት ወጪውን ለ46 የሥራ ሳምንት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ይመድብና ለ1840 ሰዓት ያካፍለዋል። አንቺ ግን ለዲዛይን ሦስት ቀን ብቻ ነው የምትሰጪው እንበል፤ 24 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ ሦስተኛው በኢሜይል፣ በዋጋ ማቅረቢያና በስብሰባ ያልቃል፤ ደንበኛ የሚከፍልበት 16 ሰዓት ይቀራል። በ46 ሳምንት 736 ሰዓት ነው። ኑሮሽን፣ ቀለሙን፣ ወረቀቱን፣ ግብሩን ሁሉ ደምረሽ በ736 ካካፈልሽ የሚወጣው የሰዓት ዋጋ ከመጀመሪያው ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። መጀመሪያ ስታዪው ያስደነግጥሻል፤ ትክክለኛው ግን እሱ ነው። የድሮውን ዋጋ ይዘሽ ከቀጠልሽ ክፍተቱ የሚሞላው ከሥዕልና ከመጽሐፍ ቀኖችሽ ላይ ነው። ለደንበኛ ዋጋ ስትሰጪ ከክፍያው ግማሽ ሥራው ሳይጀመር ይከፈል፤ ሁለት ዙር ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ይካተት፤ ሦስተኛው በሰዓት ይታሰብ።

ሦስቱ ገንዘብ የሚያመጡበት ጊዜም ይለያያል። ዲዛይን በሳምንታት ውስጥ ይከፍላል። ሥዕል መቼ እንደሚሸጥ አይታወቅም። ሥዕላዊ መጽሐፍ ከፊርማ እስከ መደርደሪያ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ቅድመ ክፍያውም ይከፋፈላል፦ ሲፈረም፣ ሥራው ሲረከብ፣ መጽሐፉ ሲወጣ። ስለዚህ የመጽሐፉን ገንዘብ በዚህ ዓመት በጀት ውስጥ አታስገቢ። ዲዛይኑን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሰብስቢና ሐሙስና ዓርብን ለመጽሐፉ ዝጊ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ከመስጠት ሁለት ሙሉ ቀን ይሻላል፤ የውሃ ቀለም ማድረቅና ኮላዥ መዘርጋት በተቆራረጠ ሰዓት አይሆንም።

አንዱ ሙያ ሲሳካ ሌሎቹን እንደሚውጥም አስቀድመሽ እወቂ። ፊንላንዳዊቷ ቶቬ ያንሰን ሠዓሊም፣ የመጽሐፍ ሥዕል ሠሪም፣ ደራሲም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1952 ከለንደን ጋዜጣ አሳታሚ ጋር የሰባት ዓመት ውል ፈረመች፤ ከ1954 ጀምሮ የፈጠረቻቸውን ገጸ ባሕርያት በሳምንት ስድስት ቀን በካርቱን ማቅረብ ነበረባት። ገቢው ጥሩ ነበር፤ ጊዜዋንና የሥዕል ሥራዋን ግን ወሰደው። ውሉ ሲያልቅ አላደሰችውም፤ ካርቱኑን ወንድሟ ላርስ ተረከበ፣ እሷም ወደ ሥዕሏና ወደ ጽሑፏ ተመለሰች። ማብቂያ ቀን ያለው ውል በመሆኑ ነው መውጣት የቻለችው። አንቺም በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ሥራ የሚያስገድድ ውል ሲመጣ መጀመሪያ የምታዪው የሚያበቃበትን ቀን ይሁን።

አሁን ወደ ደሚው። ደሚ ማለት መጽሐፉ ሊመስል የሚችለው የናሙና ጥራዝ ነው። ሥዕላዊ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነው ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ በ8 ወይም በ16 ገጽ ስለሚወጣ ነው፤ 34 ገጽ ያለው ታሪክ ለማተሚያ ቤቱ ራስ ምታት ነው። 8 ኤ4 ወረቀቶችን ደራርበሽ ለሁለት እጠፊ፤ 32 ገጽ አገኘሽ። ገጽ 1 ርዕስ፣ ገጽ 2 የቅጂ መብት፣ ገጽ 3 መታሰቢያ ቢሆኑ፣ ከገጽ 4 እስከ 31 ፊት ለፊት የሚተያዩ 14 ጥንድ ገጾች ለታሪኩ ይቀሩሻል፤ ገጽ 32 መዝጊያ ነው። ጽሑፉን አትመሽ በመቀስ ቁረጪና ገጽ ገጹ ላይ ለጥፊ፤ በእርሳስ ንድፉን ሥሪ። ከዚያ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እየገለጥሽ አንብቢ። ገጹን ለመግለጥ የሚያጓጓ ነገር በስተቀኝ ገጽ መጨረሻ ላይ ከሌለ፣ ወይም ሥዕሉ ያሳየውን ጽሑፉ ደግሞ የሚናገር ከሆነ፣ እዚያው ይታወቅሻል። «ወፊቱ ቀይ ጣሪያ ላይ ቆመች» የሚል ዓረፍተ ነገር ከቀይ ጣሪያ ሥዕል ጎን ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሰርዢው። ለአሳታሚው ሁሉንም ገጽ በእርሳስ ንድፍ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ገጾችን ብቻ በሙሉ ቀለም ጨርሰሽ ላኪ። ሁሉንም ጨርሶ መላክ ጥድፊያ ነው፤ አርታኢ ጥንድ ገጾችን ማቀያየሩ አይቀርም።

ዲዛይነሮች መጽሐፍ ሲሠሩ የሚስቱት ደግሞ ይህ ነው፦ ፊደሉን በእጃቸው ከሥዕሉ ውስጥ ይሥሉታል። አታድርጊው። ጽሑፉ በኮምፒዩተር ፋይሉ ውስጥ ለብቻው ንብርብር ላይ፣ በጥቁር ቀለም ብቻ ይቀመጥ። ከአራቱ የማተሚያ ቀለማት (ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ጥቁር) የተቀላቀለ ጥቁር በትንንሽ ፊደል ላይ ትንሽ ሲዛነፍ ዳር ዳሩ ባለ ቀለም ጥላ ያወጣል። ከዚህም በላይ መጽሐፉ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሸጥ አሳታሚዎች የሚለውጡት ጥቁሩ ቀለም የሚታተምበትን ሳህን ብቻ ነው። የሱቅ ስም ሥዕሉ ውስጥ ከተሣለ ያ ሽያጭ ይወሳሰባል። የወፊቱን ፊት ሁለቱ ገጾች በሚጋጠሙበት መሐል ላይ አታስቀምጪ፤ ጥራዙ ይውጠዋል።

የገጹ ልክ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥንዱ 50 በ25 ነው። ለመቁረጫ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ስትጨምሪ 50.6 በ25.6 ይሆናል፤ በኢንች 300 ፒክሰል ስካን ሲደረግ ወደ 5976 በ3024 ፒክሰል ነው። ከዚህ አነስ ያለ ፋይል ሲታተም ይደበዝዛል። የሚያበሩ ሮዝና ብርቱካን ቀለሞች በአራቱ የማተሚያ ቀለማት አይወጡም፤ ሥዕሉ ላይ ከተጠቀምሽባቸው መጽሐፉ ላይ አፈር መስለው ይመጣሉ።

የአሳታሚው ውል ሲመጣ ሦስት ሥራ እየሠራሽ ለአንድ እንዳይከፈልሽ ተጠንቀቂ። ጽሑፍ አንድ፣ ሥዕል ሁለት፣ የመጽሐፉ ዲዛይንና አቀማመጥ ሦስት ተብለው በየመስመራቸው ይጻፉ፤ የደራሲና የሠዓሊ ድርሻ ሁለቱም ያንቺ ነው፣ ዲዛይኑ ግን የተለየ ክፍያ አለው። ሮያሊቲው (ከእያንዳንዱ የተሸጠ ቅጂ የሚደርስሽ ድርሻ) ከምን ላይ እንደሚታሰብ ጠይቂ። የሽፋኑ ዋጋ 100 ቢሆን 10 በመቶው 10 ነው። ከአሳታሚው የተጣራ ገቢ ላይ ከተባለና ለመጻሕፍት መደብር በግማሽ ዋጋ ካስረከበ ያው 10 በመቶ 5 ይሆናል። ቅድመ ክፍያውም ከዚህ ላይ ተቀናንሶ እስኪያልቅ ሌላ ገንዘብ አይመጣም። መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ወደ አንቺ የሚመለስበት አንቀጽ፣ በዓመት ከዚህ ያህል ቅጂ በታች ሲሸጥ ተብሎ በቁጥር ይቀመጥ። የአሻንጉሊት፣ የአልባሳትና የፊልም መብት በጅምላ አይካተት። ወፊቱን ከድርጅቱ አትርፈሽ እዚህ ጋ በነፃ መስጠት አይገባሽም።

ኮላዥሽ ከመጽሔት የተቀነጨበ ፎቶ ካለበት አሁኑኑ አውጪው፤ ፎቶው የሌላ ሰው መብት ነው፣ ዋስትናውን የምትፈርሚውም አንቺ ነሽ። ወረቀቶችሽን ራስሽ ቀለም ቀብተሽ ቁረጪ። የገጹን ልክ፣ ብዛቱንና የወረቀቱን ዓይነት ከአሳታሚው ጋር በጽሑፍ ሳትስማሙም የመጨረሻውን ሥዕል አትጀምሪ። ካሬው ገጽ ወደ ቁመታም ከተቀየረ 14ቱም ጥንድ ገጾች እንደ አዲስ ይሣላሉ፤ ያ ሥራ የማን ወጪ እንደሆነ ውሉ ካልተናገረ ያንቺ ይሆናል።